ሲገባ በካርቶን፣ ሲወጣ በፍሬ

ጅግጅጋ፣ ታኅሣሥ 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለምወድህ አባቴ፤

እንዴት ከርመሃል አባዬ? ጉልበትህስ እንዴት አድርጎሃል? እዚህ ነፋሱ ማለዳ መስኮቴን ሲያንኳኳ መጀመሪያ ትዝ የሚለኝ የአንተ ጉልበት ነው። ስኳርህንስ ትለካለህ? እማዬ «በየሳምንቱ ይለካል» ትለኛለች፤ ግን እሷ አንተን ለመሸፈን የማትለው ነገር ስለሌለ ከራስህ አፍ መስማት እፈልጋለሁ። እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ከስታለች ብለህ እንዳታስብ፣ ሩዝና ፓስታ በሙዝ እያበሉ አወፍረውኛል። አዎ፣ በሙዝ! አንድ ጉርሻ ፓስታ፣ አንድ ንክሻ ሙዝ። መጀመሪያ ቀን ስቄ ነበር፤ አሁን ሙዝ ከሌለ ምሳ የበላሁ አይመስለኝም።

ለምን በስልክ እንዳልነገርኩህ ይገርምህ ይሆናል። አንተ ስልክ ላይ «ደህና ነሽ? በላሽ? በይ ሂሳብሽ እንዳያልቅ» ብለህ ትዘጋለህ። ይህ ነገር ደግሞ በሁለት ደቂቃ አያልቅም። ደብዳቤውን የሚያደርስልህ የድርጅታችን ሾፌር ሳማታር ነው፤ ወደ አዲስ አበባ ሲያልፍ ሞጆ ላይ ይቆምልኛል። አደራ፣ ምሳ ሳይበላ እንዳትለቀው። እሱ ከሄደ በኋላ ብቻህን ሆነህ አንብበው። ለእማዬ ማንበብ አለማንበቡ የአንተ ፈንታ ነው።

ሥራዬን በደንብ አስረድቼህ አላውቅም። ስትጠይቀኝ «ኮምፒውተር ላይ ነኝ» ብቻ እልሃለሁ፤ አንተም «ደግ ነው» ብለህ ታልፋለህ። ዛሬ ግን ልንገርህ፣ ምክንያቱም ከማውቃቸው ሰዎች ሁሉ ይህን ሥራ ከማንም በላይ የምትረዳው አንተ ነህ።

የቀጠሩኝ ወይዘሮ ሀሊሞ ይባላሉ። ከአሥራ ሰባት ዓመት በፊት ከአውበሬ በሦስት ጀሪካን የግመል ወተት እያመጡ ጅግጅጋ ገበያ መሬት ላይ ተቀምጠው ይሸጡ ነበር። ዛሬ ሰባ ሠራተኛ አላቸው። ወተቱ በማሽን ታክሞ በጠርሙስ ይታሸጋል፤ ከወተቱ ደግሞ ሳሙና ይሠራል። ሳሙናው ድሬዳዋ ይሄዳል፣ አዲስ አበባ ይሄዳል፣ በደወሌ በኩል ተሻግሮ ጅቡቲ ይገባል። ሠራተኛው ሁሉ «ኤዶ» ነው የሚላቸው፤ በሶማሊኛ አክስት ማለት ነው። እኔም ከሁለተኛው ሳምንት ጀምሮ ኤዶ አልኳቸው፤ ወይዘሮ ስላቸው ዘወር ብለው ሌላ ሰው የሚፈልጉ ይመስል ነበር።

ችግራቸው ማደጋቸው ነው። የወተት ርክክቡ አንድ ደብተር ላይ፣ ትዕዛዙ ሌላ ደብተር ላይ፣ የመኪናው ጉዞ በሳማታር ጭንቅላት ውስጥ፣ የቀረው ደግሞ በኤዶ ስልክ ላይ ነበር። ሁለት ጊዜ አንዱን ሳሙና ለሁለት ነጋዴ ቃል ገብተውበታል። ልጃቸው ካውሰር አዲስ አበባ ማኔጅመንት ተምራ ስትመለስ «ይህ እንዲህ አይቀጥልም» ብላ ከእናቷም ከዘመዶቿም ጋር ተሟግታ እኔን አስመጣች። ግንቦት ላይ ነው የመጣሁት። ሥራዬ ወተቱ ከገባበት ደቂቃ ጀምሮ ሳሙናው ከመኪና እስከሚወርድበት ድረስ ያለውን ሁሉ በአንድ ሲስተም ማያያዝ ነበር። ስንት ሊትር ገባ፣ ስንት ፍሬ ተሠራ፣ ስቶር ውስጥ ምን አለ፣ ማን አዘዘ፣ በየትኛው አይሱዙ ወጣ። ሁሉም ሰው አንድ ዓይነት ነገር እንዲያይ።

አሁን ስለ ስቶር ኪፐሩ ልንገርህ።

አቶ ኢሴ ይባላሉ፤ «አዴር ኢሴ» ነው የምንላቸው፣ አጎት እንደማለት ነው። ስልሳ ያለፋቸው፣ ረጅም፣ ሽርጣቸውን ወገባቸው ላይ ጠበቅ አድርገው የሚያስሩ፣ ጢማቸውን ሂና የሚቀቡ ሰው። ከኤዶ ጋር ከሦስቱ ጀሪካን ጀምሮ አብረው ነበሩ። ወተት ሲመጣ የጀሪካኑን ክዳን ከፍተው አንዴ ያሸቱና የማን ግመል እንደሆነ፣ መንገድ ላይ ፀሐይ ላይ ቆሞ እንደነበር ይናገራሉ። ስንት ጊዜ ሊሳሳቱ ነው ብዬ ጠብቄ አልተሳሳቱም።

መጀመሪያ ስቶራቸው የገባሁ ቀን ምን እንዳየሁ ታውቃለህ? በየመደርደሪያው ላይ የዕቃ መመዝገቢያ ቢን ካርድ ተንጠልጥሏል። የገባ፣ የወጣ፣ ከወጪ ቀሪ። ከያንዳንዱ ካርድ ጎን በክር የታሰረ አጭር እርሳስ። ቁጥሮቹ ልክ እንደ አንተ፣ ሰባቱ ወገቡ ላይ ሰረዝ አለው። በሩ ላይ ቆሜ ቀረሁ። አዴር ኢሴ «ምነው?» አሉኝ። «ምንም» አልኳቸው። ያኔ ስለ አንተ ልነግራቸው እችል ነበር። አልነገርኳቸውም።

በዚያው ሳምንት ስቶሩን እያዞሩ አስጎበኙኝ። አንድ ቦታ ላይ ሁለት ካርቶን አንስተው፣ አንዱን ከፍ አንዱን ዝቅ እያደረጉ፣ ግማሹን በሶማሊኛ ግማሹን በአማርኛ ስለ ደወሌ የሆነ ነገር ነገሩኝ። እኔ ስልኬ ላይ ነበርኩ፤ የኢንተርኔት መስመር የሚዘረጋው ሰው በር ላይ ደርሶ እየደወለ ነበር። «እሺ አዴር፣ እሺ» አልኳቸው። ይቺን «እሺ» ያዝልኝ አባዬ፤ መዘዙ ሁሉ ከእሷ ነው የመጣው።

ጥቅምት መጀመሪያ ላይ ሲስተሙን አስጀመርን። ወረቀት ቀረ። ካርዶቹን አዴር ኢሴ ራሳቸው አንድ በአንድ ፈትተው፣ ደርድረው በላስቲክ አሰሩና «የት ላስቀምጣቸው?» ብለው ጠየቁኝ። «ከእንግዲህ አያስፈልጉም» አልኳቸው። እንዲሁ ቀለል አድርጌ፣ ፈገግ እያልኩ።

በሦስተኛው ሳምንት መጨረሻ ቆጠራ አደረግን። ሲስተሙ አለ የሚለውና መደርደሪያው ላይ ያለው አልገጠመም። ስምንት መቶ ስልሳ ሳሙና የለም። ስክሪኑ በቀይ «ጉድለት» ብሎ ጻፈ፣ ከሥሩም «ኃላፊ፦ ኢሴ»። ቃሉንም ቀለሙንም የመረጥኩት እኔ ነኝ።

ካውሰር ክፉ ልጅ አይደለችም፣ በኋላ ታየዋለህ። ግን ለዚህ ሲስተም ብላ ከዘመድ ጋር ተጣልታለች። ቀዩን ስታይ የተከራከረችበት ነገር ሁሉ እውነት ሆኖ ታያት። እኔን ለብቻ ወስዳ «ሲስተሙ ሊሳሳት ይችላል?» አለችኝ። «ሲስተሙ ያስገባንለትን ነው የሚደምረው» አልኳት። እውነት ነው፣ ቃል በቃል እውነት ነው። ግን እሷ የጠየቀችኝን አልመለስኩላትም። «አጣርተሻል ወይ?» ነበር ጥያቄዋ፤ አላጣራሁም ነበር።

ጠዋት ሠራተኛው ሲገባ ግቢው ውስጥ፣ የወተቱ ሚዛን አጠገብ ጠየቀቻቸው። አዴር ኢሴ «ዕቃዬ ሙሉ ነው» አሉ። ስክሪኑን አሳየቻቸው። «ዕቃዬ ሙሉ ነው» አሉ ደግመው። ኤዶ ሀሊሞ እዚያው ቆመው ነበር። አዴር ኢሴ ወደ እሳቸው ዞረው ለሦስተኛ ጊዜ ያንኑ ተናገሩ። ኤዶ ወደ መሬት አዩ። ከዚያ አዴር ኢሴ ከሽርጣቸው እጥፋት ቁልፎቹን አወጡ፣ ሚዛኑ ላይ አስቀመጡና በእግራቸው ወጥተው ሄዱ። የሚዛኑ መርፌ ትንሽ ከፍ ብሎ ቆመ። ሰባ ሰው ያያል። እኔ ላፕቶፔን ደረቴ ላይ አቅፌ ቆሜ ነበር።

አባዬ፣ ያን ቀን ምሳ አልበላሁም፣ በማግስቱም አልበላሁም። ካውሰር ውኃው ያልተስማማኝ መስሏት የሚጠጣ መድኃኒት አመጣችልኝ። እኔ ግን የታየኝ የእኛ ሳሎን ነበር። አሥራ አንደኛ ክፍል ነበርኩ። አንተ ስቶር የምትጠብቅበት ፋብሪካ ኮምፒውተር ባስገባ በአምስተኛው ወር ነው፣ አንተ ከሰዓትህ ቀድመህ ቤት ገባህ፣ ጫማህን ሳታወልቅ ተቀመጥክ። «የክር ጥቅል ጎደለ ይላሉ፤ በፈቃድህ ልቀቅ ብለውኛል» ብለህ ለእማዬ ስትነግራት እኔ ኩሽና በር ላይ ነበርኩ። ከዚያ ቀና ብለህ አየኸኝ። እኔ ደብተሬን አንስቼ ወደ ውስጥ ገባሁ። ሃያ ሁለት ዓመት ሠርተህ፣ አንድ ቀን ሳትቀር፣ እና አንዲት ጥያቄ እንኳ አልጠየቅሁህም።

ዩኒቨርሲቲ ስገባ ቅጽ ላይ «የአባት ሥራ» የሚል ነበረ። «ነጋዴ» ብዬ ሞላሁ። ያኔ ገና የዛሬዋን ሱቅህን እንኳ አልከፈትክም ነበር።

ኮምፒውተር ልማር ነው ስልህ ምን እንዳልከኝ ታስታውሳለህ? ፍራሼን ትከሻህ ላይ ተሸክመህ መናኸሪያ ድረስ ሸኘኸኝ፣ አውቶቡሱ ላይ ጫንክልኝ፣ ከዚያ «ጠንቅቀሽ ተማሪው» አልከኝ። ሁሉም አባት የሚለው ነገር መስሎኝ ነበር።

ኅዳር ላይ ወደ ደወሌ ወረድኩ። እዚያ ሳሙናውን ከእኛ የምትረከበው ነጋዴ ዐናብ ትባላለች፤ ዕቃ መረከቧን በስልኳ እንድታረጋግጥ ላሳያት ነበር የሄድኩት። ከሳማታር ጋር ካራማራን ወጥተን፣ በሐረር አልፈን፣ የደንገጎን ቁልቁለት ወርደን፣ ድሬዳዋ አድረን፣ በማግስቱ ረፋድ ላይ ደወሌ ገባን። ሙቀቱን አልነግርህም! ላፕቶፑ ራሱ ላብ ያወጣ መሰለኝ። ዐናብ መጋዘኗ ከባቡር ሐዲዱ ብዙም አይርቅም፤ አጭር፣ ወፍራም፣ ቶሎ ቶሎ የምትናገር፣ አማርኛዋን ከጉምሩክ ወረፋ የተማረች ሴት ናት።

ካርቶን ከፈተችና እየቆጠረች አወጣች። «ሃያ» አለችና ዘጋችው። ሌላ ከፈተች። «ሃያ።»

እኔ «ሃያ አራት መሆን አለበት» አልኳት።

ሳቀች። «ለእኛ ሁልጊዜ ሃያ ነው» አለችኝ። «ድሮ ሃያ አራት ነበር። እዚህ ከመኪና መኪና በሸክም ስናዛውረው ታቹ እየተቀደደ ሳሙናው አሸዋ ላይ ይበተን ነበር። ኢሴ ራሱ መጥቶ አየና ‹ለደወሌ ሃያ አድርጉት› አለ። ከዚያ ወዲህ አንድም አልተቀደደብኝም። አልነገረሽም እንዴ?»

ነግረውኝ ነበር አባዬ። ሁለት ካርቶን አንስተው፣ አንዱን ከፍ አንዱን ዝቅ አድርገው።

አንተ ወዲያው ገብቶሃል፣ አውቃለሁ። ማሸጊያ ክፍሉ ወደ ስቶር ሲያስገባ ቁጥሩን የሚሰጠው በካርቶን ነው፤ ሲስተሙ እያንዳንዱን ካርቶን በሃያ አራት ያባዛል። ሲወጣ ግን ዐናብ የምታዘው በፍሬ ነው። ሲገባ በካርቶን፣ ሲወጣ በፍሬ። በእያንዳንዱ የደወሌ ካርቶን ላይ አራት ያልተወለደ ሳሙና እመዘግብ ነበር ማለት ነው። በሦስት ሳምንት ውስጥ ሁለት መቶ አሥራ አምስት ካርቶን ወደ ደወሌ ሄዷል። እዚያው ቁጢጥ ብዬ አሸዋው ላይ በጣቴ አባዛሁት። ስምንት መቶ ስልሳ። አንድ አልጨመረም፣ አንድ አልቀነሰም። ዐናብ የታመምኩ መስሏት ውኃ አፈሰሰችብኝ።

በመልሱ ጉዞ ሽንሌ ላይ ሳማታር ሊሰግድ ወረደ። እኔ መኪናው ውስጥ ላፕቶፑን ጉልበቴ ላይ ከፈትኩ። አሁን የምነግርህን ለማንም አልነገርኩም። ማስተካከያው አንዲት ቁጥር ናት። ሃያ አራትን አጥፍቶ ሃያ መጻፍ፣ ወደኋላ ያለውን እንደገና እንዲያሰላ ማዘዝ። ቀዩ ይጠፋል። ማንም አያውቅም። «ተገኘ» ይባላል። አዴር ኢሴ ፈርተው መለሱ ይባላል፣ ወይ ዘመዶቻቸው ተክተውላቸው ነው ይባላል፤ የእኔ ሲስተም ግን አልተሳሳተም። ሥራዬ አይነካም፣ ካውሰርም አታፍርም። ቁጥሯን ጻፍኩ። «አስቀምጥ» የሚለው ላይ ጣቴን አደረግሁ።

ያኔ ነው ያ ሰውዬ ትዝ ያለኝ። አስታወስከው? ፋብሪካው ውስጥ ኮምፒውተሩን የዘረጋው፣ መነጽር ያለው ወጣት። አንተ ከወጣህ ከሰባት ስምንት ወር በኋላ አንድ እሑድ አንድ ከረጢት ብርቱካን ይዞ ቤታችን መጣ። ያን ጊዜ በአንተ ቦታ የተቀጠረው ሰውም በዚያው ዓይነት ጉድለት ተባሮ ነበር። ልጁ ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ፤ ውኃ ሰጠሁት፤ ብርጭቆውን በሁለት እጁ ይዞ ሲያሽከረክረው ቆየ። ስለ ትምህርቴ ጠየቀኝ። ስለ ዝናቡ ተናገረ። ከዚያ ተነሳ። አንተ እስከ ዋናው መንገድ ሸኝተኸው ስትመለስ እማዬ «ምን ፈልጎ ነው?» ብላ ተቆጣች። አንተ ብርቱካን እየላጥክ «ተዪው፣ ልጁ ጨንቆታል» አልካት።

ለምን እንደመጣ ሽንሌ ላይ፣ ጣቴ ቁልፉ ላይ እያለ ገባኝ። አንተ ግን ያኔውኑ ገብቶህ ነበር አይደል? እና ብርቱካን ላጥክልን።

ላፕቶፑን ዘጋሁት። ሳማታር ሲመለስ ሁሉንም ነገርኩት። ዝም ብሎ ሰማኝና መኪናውን ሳያስነሳ «አሁኑኑ ለኤዶ ደውይ፤ ጅግጅጋ እስክንደርስ ልብሽ ሊለወጥ ይችላል» አለኝ። ደወልኩ። ኤዶ ሀሊሞ እስክጨርስ ሰሙኝ። መጨረሻ ላይ «ስትመጪ አብረን አውበሬ እንሄዳለን» አሉኝና ዘጉት። አዴር ኢሴ ቁልፉን ካስቀመጡበት ቀን ወዲህ አውበሬ እህታቸው ዘንድ ነበሩ።

ካውሰር ነች የነዳችው። አዴር ኢሴ የእህታቸውን የእሾህ አጥር ሲጠግኑ አገኘናቸው። እጃቸውን ታጠቡ፣ ምንጣፍ አነጠፉልን፣ ወተት አስመጡና «መጀመሪያ ጠጡ» አሉ። ኤዶ በሶማሊኛ መናገር ሲጀምሩ በእጃቸው አስቆሟቸውና ወደ እኔ ዞሩ፤ «አንቺ ተናገሪ» አሉኝ በአማርኛ።

ተናገርኩ። የካርቶኑን፣ የሃያውን፣ የሃያ አራቱን።

«ነግሬሽ አልነበረም?» አሉኝ።

«ነግረውኛል።»

«ሰምተሽኛል?»

«አልሰማሁም።»

ራሳቸውን ነቀነቁ፤ መልሱ የጠበቁት ነበር። ከዚያ ወደ ኤዶ ዞረው ቀስ ብለው በሶማሊኛ ተናገሩ፤ ካውሰር ናት በኋላ የተረጎመችልኝ። «ማሽኑ የሚያውቀኝ ሦስት ሳምንት ነው፤ በማሽኑ አልተቀየምኩም። ልጆቹም ልጆች ናቸው። አንቺ ግን አሥራ ሰባት ዓመት ታውቂኛለሽ፣ መሬት መሬት ታያለሽ።» ኤዶ ሀሊሞ በሻሻቸው ፊታቸውን ሸፈኑ። ይህችን ብረት የመሰለች ሴት ስታለቅስ ማየት ከባድ ነው።

አዴር ኢሴ ወዲያው አልተመለሱም። ካሳ ቢሏቸው አልፈለጉም፣ ሽማግሌ እንላክ ቢሏቸው አልፈለጉም። የጠየቁት አንድ ነገር ነው። ቁልፉን ያስቀመጡበት ቦታ ላይ፣ በዚያችው ሰዓት፣ ያ ሁሉ ሰው ባለበት ይነገር።

ተነገረ። ቅዳሜ ጠዋት ሚዛኑ አጠገብ ቆምኩ። እኔ በአማርኛ፣ ካውሰር በሶማሊኛ እየተረጎመች። «ሳሙናው አልጠፋም፤ መጀመሪያውኑ አልነበረም። እኔ ነኝ በተሳሳተ ቁጥር የፈጠርኩት። አዴር ኢሴ ቀድመው ነግረውኝ ነበር፤ አልሰማኋቸውም። ከተጠየቅሁም በኋላ ሳላጣራ ዝም አልኩ» አልኩ። ካውሰር እያንዳንዷን ዓረፍተ ነገር ተረጎመች። መጨረሻዋ ላይ ስትደርስ ቆመች። ከዚያ እኔ ያላልኩትን ረዘም አድርጋ ተናገረች፤ ከሴቶቹ አንዷ አፏን በእጇ ያዘች። ምን እንዳለች አልጠየቅኋትም፤ ግን «አነ» የምትለዋን ቃል ደጋግሜ ሰማሁ፤ እኔ ማለት ነው። ከዚያ ኤዶ ሀሊሞ ወደ ፊት መጥተው ቁልፎቹን በሁለት እጃቸው ሰጧቸው። አዴር ኢሴ ተቀበሉ፣ ስቶሩን ከፈቱ፣ ወደ ውስጥ ገቡና ወዲያው ብቅ አሉ፤ «ምን ቆማችኋል? የድሬዳዋው መኪና ዘግይቷል፣ ጫኑ» አሉ። ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔ ሽንት ቤት ገብቼ አለቀስኩ።

ውሌን እንደሚያቋርጡ እርግጠኛ ነበርኩና ራሴ ላፕቶፔን ይዤ ኤዶ ዘንድ ገባሁ። «ስህተቱን የምታውቂው አንቺ ነሽ፤ ሌላ ሰው ባመጣ እንደ አዲስ ሊሳሳተው ነው። ሂጂ ከኢሴ ጋር ቁጭ በይ» አሉኝ። ሁለት ሳምንት ሙሉ ጎን ለጎን ተቀመጥን። ሰባት ሌላ ስህተት አገኙብኝ፣ በጣታቸው እየቆጠሩ። «ጉድለት» የሚለውንም ቃል አስነሱት። «ቀዩ ይሁን ግድ የለኝም፤ ቃሉ ግን ቸኩሏል» አሉኝ። አሁን ስክሪኑ «አልገጠመም፣ ይጠየቅ» ነው የሚለው። የሰው ስም ከሥሩ የለም። ካርዶቹም መደርደሪያው ላይ ተመልሰዋል፤ በየሳምንቱ ከሲስተሙ ጋር እናመሳክራቸዋለን። ካውሰር በዚህ ትስቅብኛለች፣ ግን ማመሳከሩን የምትመራው እሷ ናት።

ባለፈው ዓርብ ኤዶ ቤታቸው ምሳ ጋብዘውኝ፣ «አባትሽ ሥራው ምንድን ነው?» አሉኝ። «ስቶር ኪፐር ነው» አልኳቸው። ነው አልኩ፣ ነበር አላልኩም። አዴር ኢሴ ከጉርሻቸው ቀና ብለው አዩኝ፤ «እንዴት እስከዛሬ ሳትነግሪኝ!» አሉኝ።

ለገና እመጣለሁ አባዬ። ፈቃድ ተሰጥቶኛል፤ ለአሥር ቀን። ከመጣሁ በኋላ እማዬ ዶሮዋን ስትሠራ፣ እኔና አንተ ቁጭ ብለን ከፋብሪካው የወጣህበትን ሳምንት ከመጀመሪያው ቀን ጀምረህ ትነግረኛለህ? የትኛው ክር ነበር፣ በምን ይገባ ነበር፣ በምን ይወጣ ነበር። ማውራት ካልፈለግህ አልጨቀጭቅህም፤ ዝም ብለን እንቀመጣለን።

አንድ ነገር ግን እለምንሃለሁ። ከዚያ ዓመት ወዲህ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ እኔ ሁልጊዜ ሰበብ ፈጥሬ በጓሮው መንገድ እዞር ነበር። አንተም አንድ ቀን «ለምን?» አላልከኝም፤ ብቻህን በዋናው መንገድ ትሄድ ነበር። የገና ዕለት በዋናው መንገድ ነው የምንመለሰው፣ በፋብሪካው በር ፊት ለፊት። ክንድህን ይዤ። ጉልበትህ ካመመህ ቀስ እንላለን፤ እንዲያውም በሩ ጋ ብንዘገይ ደስ ይለኛል።

ዕድሜህን እንደ ትዕግሥትህ ያርዝምልኝ፤ ጉልበትህን ይጠግንልህ። አንተንም እማዬንም በሰላም እንዳገኛችሁ እግዚአብሔር ይጠብቃችሁ። አዴር ኢሴ ስላንተ ከሰሙ ወዲህ «ሰላም በዪልኝ» ብለውኛል።

የምትወድህ፣ ዘግይታ የመጣችው

ልጅህ